ጸጉረ ልውጧ ሲስተር

"ጸጉረ ልውጥ ካለ መዝግቡ ተብለናል፤ እዚህ ግቢ ደግሞ አንዲት አለች።"

ይህን የተናገረው የቀበሌው የጸጥታ ኮሚቴ ሊቀመንበር ዓለምነህ ነው። የተነገረው ለሆስፒታሉ ዘበኛ ለሙሄዲን ነው። የሰማችው ደግሞ ከበሩ ወዲህ አንሶላ የምታሰጣው ሲስተር ኣዜብ ናት፤ ነገሩም ስለ እሷ ነው።

"ማንን ነው? ሲስተርን?" አለ ሙሄዲን። "ወላሂ ይህን በር መጠበቅ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጠጉሯን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። እናንተ የት አያችሁትና ነው ልውጥ ያላችሁት?"

ሙሄዲን እየቀለደ አይደለም። መነኩሲቷ ከግራጫ ሻሿ ውጭ ታይታ አታውቅም፤ ጠጉሯ ሉጫ ይሁን ከርዳዳ፣ ይሸብት አይሸብት፣ ከፈጣሪዋና ከማበጠሪያዋ በቀር የሚያውቅ የለም። ኮሚቴው ግን በሥራ ላይ ነበር። መመሪያ ወርዷል፣ ደብተር ተገዝቷል፣ ማኅተም ተቀርጿል፤ ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ ባዶ ደብተር ይዞ መመለስ ደግሞ ያሳፍራል። ኣዜብ የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ አስተካክላ መቆንጠጫውን አስነከሰችውና ወደ በሩ ዞረች። ሊወስዷት እንደመጡ ገብቷታል።

ሆስፒታሉን መርሳ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ "ካቶሊክ" ነው የሚባለው። ባጃጆች "ካቶሊክ! ካቶሊክ!" እያሉ ይጭናሉ። መካ ደርሰው የተመለሱ ሽማግሌ ሳይቀሩ "ዛሬ ካቶሊክ ደርሼ መጣሁ" ይላሉ፣ ቤተሰቡም ለደም ግፊታቸው እንደሆነ ይረዳል። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ "በእምነት የተመሠረተ፣ በርኅራኄ የሚያገለግል" ይላል። አምና ጦርነቱ በዚህ ሲያልፍ የሆስፒታሉ አልጋ፣ ማይክሮስኮፕ፣ ጄነሬተር፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ሳይቀር ተጭኖ ሄዷል። ሰሌዳውን ግን የፈለገው ሰው አልተገኘም። ዘንድሮ፣ በነሐሴ ማለቂያ፣ በቆቦ በኩል ተኩሱ እንደገና ሲጀምር አምና የተቃጠለ ሁሉ ወሬ እስኪያጣራ አልጠበቀም። ዶክተሩ፣ ነርሶቹና ሁለቱ መነኮሳት መንቀሳቀስ የሚችሉትን ሕመምተኞች በአምቡላንሱ ጭነው ወደ ደሴ ወጡ። የማይንቀሳቀሱ አምስት ሕመምተኞች ቀሩ፤ ከእነሱ ጋር ኣዜብ ቀረች። የበላይዋ እማሆይ "ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፣ በሁለት ቀን መኪናውን እንልክልሻለን" አሏት። እማሆይ ያላሉትን ኣዜብ በልቧ ጨረሰችው። መታወቂያዋ የወጣው አዲግራት ነው፤ ከመርሳ እስከ ደሴ ያለው ኬላ ደግሞ ተቆጥሮ አያልቅም፤ በእሷ ምክንያት አምቡላንሱ ቢያዝ የሕመምተኞቹ ነፍስ ነው። እሺ ብላ የመኪናውን በር ራሷ ዘጋችላቸው። የተባለው ሁለት ቀን ካለፈ ሌላ ሁለት ቀን ሆኖታል።

ጣጣውን ሁሉ ያመጣው ሲስተር የሚለው ቃል ነው። በአገራችን ሲስተር ማለት ነጭ ጋውን ለብሳ መርፌ የምትወጋ ሴት ማለት ነው፤ ነርስ ብሎ የሚጠራት የለም። ካቶሊኮች ደግሞ መነኩሲቶቻቸውን ሲስተር ይላሉ። ኣዜብ ሁለተኛዋ ዓይነት ናት። ሥራዋ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ አንሶላ፣ ጋውን፣ የአራስ ጨርቅ፣ የኦፕራሲዮን ጨርቅ። መርፌ የምትይዘው ቁልፍ ለመትከል ብቻ ነው። መርሳ ግን ይህን አታውቅም። ሙሄዲንም ቢሆን ልዩነቱን አጥርቶ አያውቀውም፤ ስለዚህ ነርሶቹ ከሄዱ ወዲህ ከየገጠሩ ታሞ የመጣውን ሁሉ "አልሃምዱሊላህ፣ ሲስተር አለች፣ ግቡ" እያለ ያስገባል። ትናንት ብቻ ሦስት ሰው አስገብቶባታል። አንዱ ጥርሴን ንቀይልኝ አላት። ነርስ አይደለሁም፣ አልችልም ስትለው ጉንጩን እንደያዘ ትክ ብሎ አያትና "ሙስሊም ስለሆንኩ ነው?" አላት። ቀጥላ የልጇን ጆሮ ልታሳይ የመጣችው ሴት ያንኑ መልስ አግኝታ ስትወጣ በር ላይ "ዘሩዋ ስላልሆንን ነው" ብላ አወራች። ሦስተኛው አልጋ ላይ ወጥቶ ቀበቶውን ፈታና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መርፌውን ጠበቀ። እስኪመሽ ጠብቆ ነው የሄደው።

ዓለምነህ ወደ ግቢው ገባ። በአዘቦቱ ቆርቆሮና ሚስማር ነጋዴ ነው፤ ጦርነቱ ነው ሜጋፎን በትከሻው ያንጠለጠለለት። ጠዋት ጠዋት በባጃጅ እየዞረ ሕዝቡ ተረጋግቶ ቤቱ እንዲቀመጥ የሚለምነው እሱ ነው። ሚስቱና ልጆቹ ኮምቦልቻ የሄዱት ለዘመድ ጥየቃ ነው፣ ከነፍሪጃቸው። እናቱ እማማ ይመኙሻል ግን ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ በላዩ የሳንባ ምች ተጨምሮባቸው፣ ካቶሊክ አራተኛው አልጋ ላይ ተኝተዋል። እሳቸውን ማንቀሳቀስ አይቻልም፣ እሳቸውን ጥሎ መሄድም ነውር ነው። ሊቀመንበሩን መርሳ ላይ ቸክሎ ያስቀረው ጀግንነት ሳይሆን የእናቱ ዳሌ መሆኑን ከተማው ያውቃል፤ እሱም ከተማው እንደሚያውቅ ያውቃል።

"አንቺ፣ ከየት ነሽ?" አላት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እርስዎ ሲላት የኖረ ሰው ነው። አንቺታው ከመመሪያው ጋር አብሮ የወረደ መሆን አለበት።

"ከኢሮብ ነኝ፣ ከአዲግራት በላይ። ያውቃሉ እኮ፣ አቶ ዓለምነህ።"

"ማወቄን ተይው፤ ለመዝገቡ ነው። መነሻቸው ከዚያ የሆነ ሁሉ ዛሬ ትምህርት ቤቱ ይሰበሰባል፤ ሰባት ሰዓት ላይ አይሱዙ ይመጣል። የት እንደሚወስዳችሁ ለእኔም አልተነገረኝም። ለደኅንነታችሁ ነው።" ደብተሩን ገለጠ። "የጤና ባለሙያ ግን ይታለፋል ይላል። ሲስተር ነሽ አይደል?"

"ሲስተር ነኝ፣ ግን ..."

ዓለምነህ "ነኝ" የሚለውን ሰምቶ ጽፎ ጨረሰ። "ግን" የሚጻፍበት ቦታ ደብተሩ ላይ አልነበረም። እሷ ግን አልተወችውም። ነርስ አይደለሁም፣ ልብስ ነው የማጥበው፣ መነኩሲት ስለሆንኩ ነው ሲስተር የሚሉኝ ብላ አንድ በአንድ አስረዳችው። በመዋሸት ከመትረፍ እውነት ተናግራ የመጣውን መቀበል ይሻላል ብላ ያደገች ሴት ናት። ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። "ይሄ የእናንተ ትሕትና ነው" አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከጤና ጣቢያ እየመጣ ለእናቱ መርፌ ይሰጥ የነበረው ልጅ ከትናንት ጀምሮ የለም፣ ወጥቷል። ማታ አልተወጉም፣ ጠዋትም አልተወጉም፣ ትኩሳታቸው ጨምሯል። "አንቺ ሲስተር ካልሆንሽ እናቴን ለማን ልስጣት?" አላት። ከደብተሩ አንድ ቅጠል ገንጥሎ "ይህን ወረቀት የያዘችው ሲስተር የጤና ባለሙያ በመሆኗ እንድትታለፍ" ብሎ ጻፈና ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ አሳረፈበት። ስም አልጻፈም። ሲስተር ለእሱ ስም ነበር።

እማማ ይመኙሻል ትንፋሻቸው ያጥራል፣ ግንባራቸው እንደ ምድጃ ይፋጃል። መድኃኒቱ በጠርሙስ መስኮቱ ላይ ተደርድሯል፣ ሲሪንጁም አለ፣ እጃቸው ላይ የተተከለው ቱቦም በፕላስተር እንደተያዘ ነው። የጎደለው የሚያውቅ እጅ ነው። ኣዜብ ሲሪንጁን አነሳች። ስንት ነው የሚቀዳው? በምን ይበጠበጣል? ነርሶቹ ሲሠሩ ብዙ ጊዜ አይታለች፤ ግን ያየችው አንሶላ ለመቀየር ስትገባ ነው፣ ዓይኗም አንሶላው ላይ ነበር። ፈርታለች፣ እውነተኛ ፍርሃት፤ ከአይሱዙው ይልቅ ይህ ትንሽ ፕላስቲክ አስፈርቷታል። አይሱዙው የሚወስደው እሷን ነው፣ ይኼ ግን ሰው ይገድላል። መልሳ አስቀመጠችው።

"ደግ አደረግሽ" አሉ እማማ ይመኙሻል ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "አጣቢ እንደሆንሽ እኔ አውቃለሁ። ወር ሙሉ ከሥሬ ጨርቅ ስትለውጪ የምሠራው ሌላ ምን አለና፣ ማየት ነው። ለዓለሜ ግን አትንገሪው፣ ይወስዱሻል።"

"ነገርኳቸው እኮ፣ እማማ። አላምን አሉኝ።"

"ከልጅነቱም እንደዚሁ ነው። የሚሰማው የፈለገውን ነው።" ትንሽ አረፉና "ወገኖችሽስ?" አሏት።

"ወደ እኛ አገር ስልክ የለም፣ እማማ። ወንድሜን ካነጋገርኩት ሁለት ዓመት አለፈ።"

አሮጊቷ ትኩስ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው በእጇ ላይ አሳረፉት። ከዚያ ሳል ያዛቸው፣ ሲያበቃም ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ኣዜብ ተነሳች። እዚህ ተቀምጦ ማዘን ለእሳቸው ምንም አይሠራም፤ መርፌ የሚያውቅ ሰው መገኘት አለበት፣ ያውም ዛሬ። በር ላይ ለሙሄዲን ነገረችው፣ እሱም ከቆቦ የተፈናቀለው ሕዝብ ትምህርት ቤቱ መስፈሩን፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ ሐኪም እንደማይጠፋ፣ ኢንሻአላህ እንደምታገኝ አስረዳት። በሩን ካለፈች በኋላ ግን ነገሩ ገና እንደገባው ሰው ከኋላዋ "ሲስተር ሆነሽ ሲስተር ፍለጋ ነው እንዴ የምትሄጂው?" ሲል ተሰማ።

ዋናው መንገድ ከወልድያ በሚወርድ መኪና ተጨናንቋል። ፍራሽ፣ አልጋ፣ ቴሌቪዥን በአንሶላ ተጠቅልሎ፣ በቁም ሳጥን ላይ የታሰረ በግ። በሃያ ብር የሚያደርሰው ባጃጅ መቶ ሃምሳ ገብቷል፤ ባለ ባጃጁም "ነዳጁ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" ይላል፣ የትናንቱን ነዳጅ እየነዳ። ኣዜብ በእግሯ ሄደች። በየመቶ ሜትሩ ገመድ የዘረጉ ወጣቶች ቆመዋል። የመጀመሪያዎቹ አስቆሟት፣ ወረቀቱን አሳየቻቸው፣ አነበቡት፣ አንደኛው ወዲያው እጅጌውን ሰብስቦ ብብቱ ሥር ያበጠ ነገር አሳያት። ሁለተኛው ገመድ ላይ ያሉት የጨጓራ መድኃኒት እንድትጽፍላቸው ጠየቁ። ሦስተኛው ላይ ወረቀቱን ደበቀችና "ልብስ አጣቢ ነኝ" አለች። "ጸጉረ ልውጥ ሳትሆኚ አትቀሪም" ብለው ሲቆጡ ወረቀቱን አወጣች፤ ይቅርታ ጠይቀው ደም ግፊታቸውን እንድትለካላቸው ለመኗት። መለኪያ አልያዝኩም ብላ አለፈች፤ ይህ እንኳ እውነት ነበር።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሰው እንደ ገበያ ቀን ፈሶበታል። የክፍሎቹ ወንበሮች ወጥተው ማገዶ ሆነዋል። ጥግ ላይ ያለው ቤተ መጻሕፍት ብቻ ከውጭ ተቆልፏል፤ በሩ ላይ ወንበር ስቦ የተቀመጠው የሥነ ዜጋ አስተማሪው ደምሴ ነው፣ ዝርዝሩን ጭኑ ላይ አድርጎ። የተሰበሰቡት እዚያ ውስጥ ናቸው። ወልድያ ላይ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የሸጡት አቶ ፀጋይ በመስኮቱ ይታያሉ፣ ኮታቸውን ቆልፈው መጽሐፍ ያነባሉ። ኣዜብ በክፍሎቹ መካከል እየዞረች "ነርስ የሆነ ሰው አለ? እባካችሁ፣ ነርስ!" እያለች ተጣራች። ተፈናቃዮቹ ግራጫ ሻሿን አይተው "አንቺ አለሽ አይደል" ብለው መለሱላት። ደጋግማ ስትጣራ አንድ ድምፅ ብቻ መለሰ፣ የመጣው ግን ከቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ነው።

"አለሁ። ምን ሆኖ ነው?"

ኣዳነች ትባላለች። ቆቦ ላይ ዘጠኝ ዓመት ነርስ ሆና ሠርታለች። ተዋጊዎቹ ሲመጡ ከጎረቤቶቿ ጋር ከእነሱ ሸሽታ ሁለት ቀን በእግሯ መጥታ፣ መርሳ መግቢያ ላይ ያለው ገመድ ጋ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ ተባለች። ተናገረች። የትግርኛ ለዛ ያለው የጉሮሮዋ ድምፅ ከሸሸቻቸው ሰዎች ጋር ዘመድ አደረጋት። ከተማው ነርስ ጠፋ ብሎ ልብስ አጣቢ ሲለማመጥ፣ ነርሷን ከመጻሕፍት ጋር ቆልፎባት ነበር። ኣዜብ የእማማ ይመኙሻልን ሁኔታና ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን በመስኮቱ ነገረቻት። ሴትዮዋ ጊዜ አላጠፋችም፤ በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ፣ በምን ያህል ደቂቃ ቀስ ተብሎ እንደሚሰጥ፣ መጀመሪያ ምን መጠየቅ እንዳለበት ዘረዘረችና "አንቺ አትሞክሪው፣ ያልለመደ እጅ ይገድላል" አለቻት።

ኣዜብ ወደ ደምሴ ዞረች። "ነርስ ናት። መመሪያው የጤና ባለሙያ ይታለፋል አይደል የሚለው? የሊቀመንበሩ እናት እየሞቱ ነው፣ ልቀቃት።"

"መታወቂያ የላትም፤ ማስረጃ አላቀረበችም" አለ ደምሴ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቁጥር የሚያስጨንቀው ሰው ነው። "ደግሞ አሥራ አራት ብዬ በስልክ ሪፖርት አድርጌያለሁ። አሥራ ሦስት ባስረክብ አንዱን የት አደረስከው ነው የምባለው። ማነው የሚመልስልኝ?"

ኣዜብ ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። አምቡላንሱ ምናልባት ዛሬ ማታ ሊመጣ ይችላል። ነገም ሊሆን ይችላል። የሚወሰዱበትን ቦታ ማንም አያውቀውም፤ ከተወሰዱት የተመለሰ ሰው እስካሁን አላየችም። መሄድ አልፈለገችም። ይህን ለራሷ በግልጽ ነገረችው፣ ሌላ የሚነገረው አልነበረምና። የአሮጊቷ ከንፈር ጠቁሮ ታያት።

"ይህ ወረቀት የሲስተር ነው" አለች ለደምሴ እየዘረጋችለት። "ስም የለበትም፣ እየው። ሲስተሯ እሷ ናት።"

"አንቺስ?"

"እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ። የኢሮብ ሰው ነኝ።"

ደምሴ ወረቀቱን አየ፣ ማኅተሙን አየ፣ ዝርዝሩን አየ። አንድ ቀነሰ፣ አንድ ደመረ። አሥራ አራት። "ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትይም?" አለና ቁልፉን አወጣ። ነርሶቹ ከሄዱ ወዲህ ይህን ስትናገር ያመናት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

በሩ ላይ ሁለቱ ሴቶች ተላለፉ። ኣዜብ አራተኛው አልጋ፣ መድኃኒቱ መስኮቱ ላይ ነው፣ በር ላይ ጋሽ ሙሄዲን የሚባሉ አሉ፣ ሲስተር ነኝ በያቸው፣ ሌላ አይጠይቁሽም አለቻት። ኣዳነች እጇን አጥብቃ ይዛ በትግርኛ "የቐንየለይ" አለች። ኣዜብ ወደ ደምሴ ገልመጥ ብላ በአማርኛ "ምንም አይደል፣ ቶሎ ሂጂ" ስትል መለሰች።

አይሱዙው ሰባት ሰዓት ተብሎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። አሥራ አራቱ ከኋላ ተጫኑ፤ ኣዜብ ከአቶ ፀጋይ አጠገብ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ዓለምነህ ለመፈረም እየሮጠ ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነበር። እናቱ መርፌውን ወስደው ትኩሳታቸው ትንሽ ወርዷል፣ ውሃ ጠጥተዋል፣ ሰድበውታልም። ከቆቦ አንዲት የተባረከች ሲስተር መጥታ እንደሆነ ለደምሴ እያወራ ደብተሩን ሲገልጥ ነው ቀና ብሎ መኪናው ላይ ያየው።

"ሲስተር! እዚያ ምን ያደርጋሉ? ይውረዱ እንጂ" አለ። እርስዎው ተመልሶ መጥቷል።

"እሷ ከወረደች ያቺኛዋ ትወጣለች" አለ ደምሴ። "አሥራ አራት ነው የተባለው።"

ዓለምነህ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቆመ። ሊቀመንበሩ እሱ ነው፣ ደብተሩ የእሱ ነው፣ ማኅተሙ ኪሱ ውስጥ ነው። አሥራ ሦስት ብሎ መጻፍ ይችል ነበር፤ እጁ ላይ የነበረ ነገር ነው። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። ፈረመ። ከፈረመ በኋላ ወደ መኪናው ጎን ተጠግቶ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ምን ላድርግልዎት ብሎ ጠየቃት።

ኣዜብ ጥቂት አሰበች። "የእናትዎ አንሶላ በየቀኑ ይቀየር፣ ጀርባቸው መላጥ ጀምሯል" አለች። "ነርሷ ለማጠብ ጊዜ አይኖራትም፣ እርስዎ ይጠቡት። ደም የነካውን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፍዝፉት። ሙቅ ውሃ ካገኘው ደም ከጨርቅ አይለቅም።"

ዓለምነህ ደብተሩን ገለጠ፤ መኪናው እየተነሳ ሳለ፣ ከአሥራ አራቱ ስም ሥር፣ "ቀዝቃዛ ውሃ" ብሎ ጻፈ።